የጾም ቸኮሌት በባሕር ዳር ሙቀት፦ ሳይቀልጥ፣ ሳይጓጉል፣ ሳይነጣ

ብዙዎቻችን እጅ የሚገባው የጾም ቸኮሌት አሠራር በኮኮናት ዘይት ይጀምራል። ዘይቱን አቅልጡ፣ ኮኮዋና ማር ጨምሩበት፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ ይላል። ቀዝቃዛ አገር ላለ ሰው ይሠራለታል። የኮኮናት ዘይት ግን የሚቀልጠው 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። እንዲህ የተሠራ ቸኮሌት ከፍሪጅ ወጥቶ አቦል እስኪቀዳ አይጠብቅም፤ ሳህኑ ላይ ይፈስሳል። ይባስ ብሎ የዓቢይ ጾም 55 ቀናት አብዛኞቹ የሚውሉት በዚሁ በሙቀቱ ወቅት ነው። ማሩም የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱን ወደ ታች እናየዋለን።

ስለዚህ ከጣዕሙ በፊት መወሰን ያለበት ስቡ ነው። የኮኮዋ ቅቤ በደንብ ከረጋ እስከ 34 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ከ28 ዲግሪ በላይ ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ አይፈስም። ስሙ ቅቤ ይባል እንጂ ከኮኮዋ ፍሬ የሚጨመቅ የዕፅዋት ስብ ነው፤ ለጾም ይሆናል። ጣና ዳር ሆኖ ወተት የሌለበት ጣፋጭ ለሚሠራ ሰው ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ በኮኮዋ ቅቤ የተሠራ ጥቁር ቸኮሌት ወስዶ በሥርዓቱ ማርጋት፣ ወይ ደግሞ መድረቅ የማያስፈልገውን ዓይነት መምረጥ። ሁለቱንም እዚህ እናያለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ወተት እንደሌለበት ማረጋገጥ

ቸኮሌቱ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ከወተት ነጻ ነው አይባልም። የማሸጊያውን ጀርባ አንብቡ። ሚልክ ፓውደር፣ ዌይ፣ ኬዚን ወይም ኬዚኔት፣ ላክቶስ፣ ሚልክ ፋት፣ በተር ፋት የሚሉ ቃላት ካሉ ወተት አለበት። ከቱርክ የሚመጣው ላይ «ሱት»፣ ዐረብኛ የተጻፈበት ላይ «ሐሊብ» የሚለውን ፈልጉ። ሌሲቲን የሚለው አያስደንግጣችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ አበባ የሚወጣ ነው።

«ሜይ ኮንቴይን ሚልክ» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ቸኮሌቱ ወተት ያለበት ምርት ያለፈበትን ማሽን ነክቶ ይሆናል ማለት ነው። ለጿሚ የራሱ ውሳኔ ነው። የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ግን አይሆንም፤ ጥቂቷም ብናኝ ልትጎዳው ትችላለች። ወተት ስለማይስማማው ብቻ የሚተው ሰው (ሆዱን የሚነፋው) ከአለርጂው ልጅ ጋር አንድ አይደለም፤ ለእሱ እንዲህ ያለ ብናኝ ብዙም ችግር አይፈጥርበትም።

በግብዓት ዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ፓልም ከርነል ኦይል ወይም ቬጀቴብል ፋት ካያችሁ፣ የያዛችሁት የኮኮዋ ቅቤው በሌላ ስብ የተተካበት መሸፈኛ ቸኮሌት ነው። ሲቀልጥ አያስቸግርም፣ የማርጋት ሥራም አይፈልግም፤ አፍ ላይ ግን ሰም ሰም ይላል፣ ዌይም ብዙ ጊዜ አይጠፋበትም። ኬክ ለመሸፈን ካልሆነ በቀር ባትገዙት ይሻላል።

ዕቃውም ይታይ። ቅቤ የተነጠረበት የእንጨት ማማሰያ ቢታጠብም ሽታውንና ስቡን አይለቅም። ለቸኮሌት የብረት ማንኪያ ወይም ሌላ ምንም ያልነካ የሲሊኮን ማማሰያ ለዩ።

ግብዓትና ዕቃ

ኮኮዋ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዓለም ከሚያመርተው ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የአንድ ቶን የዓለም ገበያ ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። አንድ ሰሌዳ ቸኮሌት ማበላሸት በኪስ ላይ የሚታወቀው ለዚህ ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት ሚዛን ግዙ። ግራም የሚያነብ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ሚዛን እስኪገኝ ድረስ፣ ለጥ ያለ አንድ የሾርባ ማንኪያ የኮኮዋ ዱቄት ከ6 እስከ 7 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 16 ግራም አካባቢ ነው ብላችሁ ሥሩ።

ሁለተኛው የምግብ ቴርሞሜትር ነው። የትኩሳት መለኪያው አይሆንም፤ ንባቡ ከ32 ዲግሪ አካባቢ ስለሚጀምር ለእኛ የሚያስፈልገን የታችኛው ሙቀት ላይ አይደርስም። ከእነዚህ ሌላ ሰፊ የብረት ወይም ሙቀት የሚችል የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን፣ ድስት፣ ወንፊትና የኬክ ወረቀት ይበቃሉ። ሲሊኮን ቅርጽ ከሌለ የበረዶ መሥሪያው ፕላስቲክ ይሠራል፤ ውስጡ ግን አንዲት የውሃ ጠብታ እንኳ እንዳትቀር።

መቼ ይሠራ

ለመልመድ የሚመቸው የነቢያት ጾም ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ባለው ጊዜ ሌሊቱና ጠዋቱ ቀዝቃዛ፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ቸኮሌት ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በራሱ ይረጋል።

በዓቢይ ጾም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ አትጀምሩት። የቤቱ አየር ከ26 ዲግሪ ካለፈ ቸኮሌቱ ለመርጋት ይዘገያል፣ የዘገየውም ይነጣል። ፍሪጅ በዚህ ወቅት ይረዳል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጤዛ አይበዛበትም።

ፍልሰታ ላይ ሌላ ችግር ይመጣል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ዝናቡም የሐይቁም እርጥበት ስላለ፣ ከፍሪጅ የወጣ ቸኮሌት ላዩ ላይ ወዲያው ውሃ ያቆራል። ያ ውሃ ስኳሩን ያሟሟና ሲደርቅ ሻካራ ነጭ ነገር ጥሎ ይሄዳል። በዚህ ወቅት ፍሪጅን ካልቸገራችሁ አትጠቀሙ፤ ከተጠቀማችሁም ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን፣ ዕቃው የቤቱን ሙቀት እስኪይዝም አይከፈት።

ለውዝና ቆሎ ያለበት ሰሌዳ ቸኮሌት

የሚያስፈልገው፦ ከ55 እስከ 70 በመቶ ኮኮዋ ያለው ጥቁር ቸኮሌት 300 ግራም፣ የተቆላና የተላጠ ለውዝ 80 ግራም፣ የገብስ ቆሎ 30 ግራም፣ የታመሰ ሰሊጥ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በሙቀጫ ሸርከት የተደረገ የተቆላ የዘጌ ቡና 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው በሁለት ጣት ቁንጥር። ቆሎው በደንብ ያበጠ ይሁን፤ ድርቅ ያለው ገብስ በቸኮሌት ሲሸፈን አይታይምና ጥርስ ይሰብራል። እሱንም በሙቀጫ ገሽለጥ አድርጉት። ሁሉም ደረቅና የቀዘቀዘ ይሁን፤ ከምጣድ እንደወጣ የገባ ለውዝ የተደከመበትን ሙቀት በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል።

1. ቸኮሌቱን በቢላዋ አድቅቁት። 200 ግራሙን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨምሩ፤ 100 ግራሙን ለብቻ አስቀምጡ። የተቀመጠው «ዘር» ነው፤ ሥራው ከታች ይገባችኋል።

2. ድስት ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ አፍሉና ከእሳቱ አውርዱ። ከሰል ላይ ከሆናችሁ ድስቱን ፍሙ ላይ አትተዉት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን ቸኮሌት ከሚፈልገው እጥፍ ነው። ሳህኑ የድስቱን አፍ ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፣ ታቹ ውሃውን አይንካ። እንፋሎት በጎን ካመለጠ ቸኮሌቱ ውስጥ ይገባል።

3. ቀስ ብላችሁ እያማሰላችሁ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ አድርሱት። ከ55 ካለፈ መራራና አሸዋማ ይሆናል። ሳህኑን አንሡና ታቹን በደረቅ ፎጣ ጥረጉ። ይህችን መጥረግ የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ ቸኮሌቱ ሲገለበጥ ከሳህኑ ታች የምትወርደው ጠብታ ናት ሥራውን የምታበላሸው።

4. ዘሩን በሦስት ጊዜ እየከፈላችሁ ጨምሩና ሳታቋርጡ አማስሉ፤ 28 ዲግሪ እስኪደርስ ይውረድ። በሙቀቱ ወቅት 30 ላይ ቆሞ አልወርድም ይላል። ያኔ ሳህኑን ሌሊት በረንዳ ባደረ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ግማሽ ደቂቃ አስቀምጡ፣ አማስሉ፣ አንሡ፤ እንደገና አስቀምጡ። እዚያው አትተዉት፤ ጠርዙ ይረጋና ይጓጉላል።

5. ድስቱ ላይ ለ5 ወይም 10 ሰከንድ መልሱና ወደ 31 ወይም 32 ዲግሪ ከፍ አድርጉት። ከ34 ካለፈ ሥራው ፈርሷልና ዘር ጨምራችሁ ከቁጥር 4 ጀምሩ።

6. የቢላዋ ጫፍ ነክራችሁ አስቀምጡ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ሳይዥጎረጎር፣ እያንጸባረቀ ከደረቀ ተዘጋጅቷል። ካልደረቀ ትንሽ ዘር ጨምራችሁ አማስሉ።

7. ለውዙንና ቆሎውን ደባልቁ፤ የኬክ ወረቀት ላይ ግማሽ ሳንቲሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ዘርጉት። ሰሊጡን፣ ቡናውንና ጨውን በላዩ ነስንሱ። ጠርዙ መድረቅ ሲጀምር በዓቢይ ጾም ለ15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፤ በሌላው ወቅት እዚያው ይርጋ። ሙሉ በሙሉ ሲረጋ በእጅ ስበሩት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ በትክክል ረግቷል።

ይህን ሁሉ መድከም ለምን አስፈለገ? የኮኮዋ ቅቤ በስድስት ዓይነት ክሪስታል ሊረጋ ይችላል። ዝም ብሎ ቀልጦ የቀዘቀዘ ቸኮሌት በብዛት የሚይዘው 27 ወይም 28 ዲግሪ ላይ የሚቀልጠውን አራተኛውን ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ይህን ሙቀት ከሰዓት በኋላ በቀላሉ ታልፈዋለች። የሚፈለገው 34 ዲግሪ አካባቢ ድረስ የሚጸናው አምስተኛው ነው። ያልቀለጠው ዘር ይህን ክሪስታል ይዞ ስለሚገባ የቀረውም እሱን ተከትሎ ይረጋል። ሙያተኞች ቴምፐሪንግ የሚሉት ይህንኑ ነው። ቀዝቃዛ አገር ያለ ሰው ይህን ቢዘለው ቸኮሌቱ ውበቱን ብቻ ያጣል፤ እዚህ ቢዘለል ጭርሱኑ ይቀልጣል።

ቴርሞሜትር ከሌለ የታችኛው ከንፈር ይረዳል። ንጹሕ ማንኪያ ነክራችሁ ከንፈር ስታስነኩት ቅዝቅዝ ካለ 28 አካባቢ ነው፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ 31 ወይም 32 ላይ ናችሁ፤ ሞቅ ካለ አልፏል። መጀመሪያ ላይ ይህን ከቢላዋው ፈተና ጋር አብራችሁ ተጠቀሙበት፤ ከንፈር ብቻውን ያታልላል።

ሲበላሽ

ቸኮሌቱ ድንገት ከብዶ እንደ ጭቃ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። በቀለጠው ስብ ውስጥ የተበተነው የኮኮዋና የስኳር ብናኝ ጥቂት ውሃ ሲያገኝ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የሚገርመው፣ መፍትሔው ተጨማሪ ውሃ ነው። ለእያንዳንዱ 100 ግራም ቢያንስ 2 የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ በኃይል ምቱት፤ ለስልሶ ይመለሳል። ሰሌዳ መሆኑ ቀርቷል፤ ለሙዝ ወይም ለማንጎ መንከሪያ፣ አለዚያም በሙቅ ውሃ ቀጥኖ ለመጠጥ ይሆናል።

ሰሌዳው በማግስቱ ነጭ ካወጣ ሻግቶ አይደለም። በጣት ሲታሽ የሚቀልጥና ለስላሳ ከሆነ ስቡ ወደ ላይ ወጥቷል፦ ወይ በደንብ አልረጋም፣ ወይ ቀልጦ ተመልሷል። ሻካራና ደረቅ ከሆነ ስኳሩ ነው፤ እርጥበት አግኝቶታል። ሁለቱም ይበላሉ። የመጀመሪያውን አቅልጦ እንደገና ማርጋት ይቻላል፤ ሁለተኛውን ለኬክ ተጠቀሙበት።

ከኮኮዋ ዱቄት መነሣት

ጥቁር ቸኮሌት ካልተገኘ ወይም ወተት ካለበት በራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ የኮኮዋ ቅቤ ግን የግድ ነው። መዋቢያ መሸጫ ያለውን አትግዙ፤ ሽቶና ሌላ ዘይት የገባበት አለ። ማሸጊያው ላይ ለምግብ እንደሚሆን የተጻፈበትን ብቻ ውሰዱ።

መጠኑ፦ የኮኮዋ ቅቤ 100 ግራም፣ ያልጣፈጠ የኮኮዋ ዱቄት 70 ግራም፣ ስኳር 80 ግራም፣ ጨው ቁንጥር። ስኳሩን ደረቅ በሆነ የቡና መፍጫ ማሽን 2 ደቂቃ ፍጩና በጥሩ ወንፊት ንፉ፤ ኮኮዋውንም እንዲሁ። ቅቤውን በእንፋሎት አቅልጡ፣ ኮኮዋውን ከዚያም ስኳሩን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፣ 10 ደቂቃ ያህል አማስሉ። ከዚያ 30 ግራም የተገዛ ጥቁር ቸኮሌት በዘርነት ተጠቅማችሁ ከላይ እንዳለው አርጉት። የተገዛ ከሌለ ካለፈው ሥራ በደንብ ከረጋው ቁራጭ አስቀሩ።

ምላስ ላይ ትንሽ ሸካራ ይሆናል። ፋብሪካ ስኳሩን ከሠላሳ ማይክሮን፣ ማለትም ከ0.03 ሚሊሜትር በታች እስኪሆን ይፈጨዋል፤ የቤት መፍጫ እዚያ አይደርስም። ኮረሪማና ቀረፋ ግን እዚህ ያምራሉ፤ ለዚህ መጠን ከእያንዳንዳቸው ሩብ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው፣ እነሱም ደረቅና የተነፉ ይሁኑ።

በስኳር ፋንታ ማር ማድረግ የሚፈልግ አይጠፋም። የጎጃም ማር በእጅ እያለ ስኳር መግዛት ያስቆጫል፤ እውነት ነው። ማር ግን ከ17 እስከ 18 በመቶ አካባቢ ውሃ ስለሆነ ከቀለጠ የኮኮዋ ቅቤ ጋር ሲገናኝ ያጓጉለዋል። ማሩን ከታች ላሉት የቴምር ድብልብሎች አስቀምጡት።

የቡና ድብልብል

እዚህ ላይ ውሃ ጠላት መሆኑ ይቀራል። ጥቁር ቸኮሌት 200 ግራም፣ ጠንካራ አቦል 80 ሚሊ ሊትር፣ ስኳር ያልገባበት ለስላሳ የለውዝ ቅቤ 20 ግራም፣ ጨው ቁንጥር፣ ለመንከባለያ የኮኮዋ ዱቄት 3 የሾርባ ማንኪያ።

ቡናው ከጀበና ከተቀዳ በኋላ ይስከን፤ ከዚያ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥሉት፤ አተላ የገባበት ድብልብል አሸዋ አሸዋ ይላል። መልሳችሁ አሙቁት፤ መፍላት ሲቃረብ በደቀቀው ቸኮሌት ላይ አፍስሱና አንድ ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ከዚያ ከመሐል ጀምራችሁ በትንንሽ ክብ አማስሉ፣ እየሰፋችሁ ወደ ጠርዝ ሂዱ። ሲያንጸባርቅ የለውዙን ቅቤና ጨውን ጨምሩ። ዘይት ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ ውሃው ለስቡ አንሶታል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ቡና ጨምራችሁ አማስሉ፣ ካልተመለሰ ሌላ አንድ ድገሙ። ከ70 በመቶ በላይ ኮኮዋ ያለው ቸኮሌት በዚህ በኩል ያስቸግራል።

አንድ ሰዓት ውጭ፣ ሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። በሻይ ማንኪያ 12 ግራም ያህል እየዘገናችሁ፣ ኮኮዋ በነሰነሳችሁበት እጅ ጠቅልሉ፤ 25 አካባቢ ይወጣል። እጅ የሚሞቅባችሁ ከሆነ በየጥቂቱ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ውሃ ያለበት ስለሆነ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ፍሪጅ ውስጥ 5 ቀን ይቆያል። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ግን ቀኑን አትቁጠሩ፤ ያኑ ቀን ብሉት።

ለዳቦ የሚሆን የለውዝና የኮኮዋ ቅባት

ቸኮሌት ማቅለጥም ማርጋትም የማይፈልግ ስለሆነ ለዓቢይ ጾም ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው። ለውዝ 300 ግራም፣ የኮኮዋ ዱቄት 40 ግራም፣ የተፈጨ ስኳር 80 ግራም፣ የሱፍ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። የኑግ ዘይት አይሆንም፤ ጣዕሙ ኮኮዋውን ይውጠዋል።

ለውዙን ከመቁላት በፊት ልቀሙት። የሻገተውን፣ የጨለመውን፣ የተጨማደደውን ጣሉ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በእነዚህ ላይ ይገኛል፣ በመቁላትም አይጠፋም። በለዘበ እሳት ቆልታችሁ ላጡትና ገና ሞቅ እንዳለ ብሌንደር ውስጥ ጨምሩ። መጀመሪያ ዱቄት፣ ከዚያ ድርቅ ያለ ሊጥ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች አልሆነም ብለው ውሃ ይጨምራሉ። አትጨምሩ። ማሽኑን በየደቂቃው እያሳረፋችሁ፣ ጎኑን እየጠረጋችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ፍጩት፤ ዘይቱን ራሱ ይለቃል። ሲፈስስ የቀረውን ሁሉ ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ አዋሕዱ። በደረቅ የመስታወት ዕቃ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ደረቅ ማንኪያ ብቻ ይግባበት። ዘይቱ ላዩ ላይ ከወጣ ማማሰል ነው።

የቴምር ድብልብልና ኬክ፣ ባጭሩ

ፍሬው የወጣ ቴምር 200 ግራም፣ የተቆላ ለውዝ 100 ግራም፣ ኮኮዋ 25 ግራም፣ ማር 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር። ቴምሩ ደረቅ ከሆነ 10 ደቂቃ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉና አጥብቃችሁ ጭመቁት። ሁሉንም ፍጩ፣ ጠቅልሉ፣ በታመሰ ሰሊጥ ላይ አንከባልሉ። ሙቀት አይነካውም።

ለኬክ፦ የስንዴ ዱቄት 200 ግራም፣ ስኳር 175 ግራም፣ ኮኮዋ 25 ግራም፣ ቤኪንግ ሶዳ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ሳህን፤ ውሃ 270 ሚሊ ሊትር፣ ዘይት 80 ሚሊ ሊትር፣ አቼቶ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ በሌላው። ኦቭኑን 185 ዲግሪ አስቀድማችሁ አሙቁ፤ ሁለቱን ቀላቅላችሁ ሳትዘገዩ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው መጋገሪያ ውስጥ አስገቡት። አቼቶው ሶዳውን ሲያገኝ የሚወጣው አየር ነው ኬኩን የሚያነሣው፤ ሊጡ ቢቀመጥ አየሩ ያመልጣል። ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ከተጻፈ መጠን ይልቅ ሶዳውና ስኳሩ ቀንሷል፣ ውሃው ጨምሯል። በ1,800 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጡ ቶሎ ይነፋል፣ ሳይጸናም መሐሉ ይሰምጣል፤ ውሃውም ቶሎ ይተናል።

ማስቀመጥና መላክ

ሰሌዳ ቸኮሌት ከ20 ዲግሪ በታች፣ ብርሃን በሌለበት ቦታ ለወራት ይቆያል፤ ለውዝ ያለበት ግን በሁለት ወር ውስጥ ቢያልቅ ይሻላል፣ የለውዙ ዘይት ይበላሻል። ፍሪጅ ውስጥ ከገባ አየር በማያስገባ ዕቃ ይሁን። ስብ ሽታ ይስባል፤ የጣና ዓሣና ንጥር ቅቤ በሚቀመጥበት የባሕር ዳር ፍሪጅ ውስጥ ተከፍቶ ያደረ ቸኮሌት ጠዋት ዓሣ ዓሣ ይላል።

በአውቶቡስ ለዘመድ የምትልኩ ከሆነ ድብልብሉን ተዉት፣ ሰሌዳውን ብቻ ላኩ። ወደ አዲስ አበባ በደጀን የሚሄደው መንገድ ዓባይ በረሃ ውስጥ ሲወርድ ድልድዩ አካባቢ ከ1,100 ሜትር በታች ነው፤ ቀትር ላይ እዚያ የደረሰ ሻንጣ ከ34 ዲግሪ ያልፋል። ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ያደረውን ቸኮሌት በቆርቆሮ ዕቃ አሽጉ፣ በጋዜጣ ደራርባችሁ ጠቅልሉ፣ ከዚያም በወፍራም ፎጣ። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይና ከታችኛው የዕቃ ክፍል ይልቅ ተሳፋሪው እግሩ ሥር ይያዘው። ተቀባዩ ወዲያው እንዳይከፍተው ንገሩት፤ ሁለት ሰዓት ያህል እንደታሸገ ይቀመጥ፣ ጤዛው ቸኮሌቱ ላይ መሆኑ ቀርቶ ቆርቆሮው ላይ ይቀራል።